ስለ ማላጋሲ ቋንቋና አመጣጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማላጋሲ ቃላት እንደሚነገሩት በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማላጋሲ የት ነው የሚነገረው?

ማላጋሲ የማዳጋስካር ሕዝብ ቋንቋ ነው። ማዳጋስካር ከሞዛምቢክ ጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፣ 587,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ በዓለም አራተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት። ሕዝቧ ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አፉን የሚፈታው በማላጋሲ ነው። ይህን ያህል ስፋት ያለው አገር በአንድ ቋንቋ ዘዬዎች መሸፈኑ በአፍሪካ ብዙም የማይታይ ነገር ነው።

ከደሴቲቱ ውጭ በማዮት ኪቡሺ የሚባለው ዘዬው ይነገራል። በሬዩንዮን፣ በኮሞሮስና በፈረንሳይም ተናጋሪዎች አሉት። ሕዝቡም ቋንቋውም በአንድ ስም ማላጋሲ ይባላሉ።

ማዳጋስካር አፍሪካ ናት፤ ቋንቋዋስ የአፍሪካ አይደለም እንዴ?

አገሪቱ የአፍሪካ ኅብረት አባል ናት፣ ከሕዝቧም ደም ትልቁ ክፍል አፍሪካዊ ነው። ቋንቋው ግን ከምሥራቅ፣ ውቅያኖሱን ተሻግሮ የመጣ ነው። ማላጋሲ ኦስትሮኔዥያን ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ይመደባል። ይህ ቤተሰብ ከታይዋን እስከ ኒውዚላንድ፣ ከማዳጋስካር እስከ ኢስተር ደሴት የተዘረጋ ሲሆን፣ ማላይ፣ የፊሊፒንሱ ታጋሎግ፣ የሃዋይና የማኦሪ ቋንቋዎች ሁሉ አባላቱ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ለማላጋሲ በጣም የሚቀርቡት በቦርኒዮ ደሴት፣ በኢንዶኔዥያው ካሊማንታን፣ በባሪቶ ወንዝ አካባቢ የሚነገሩት ቋንቋዎች ናቸው። ከእነሱም መካከል ስሙ ተደጋግሞ የሚነሳው ማአንያን ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አለ። ውኃ በማአንያን «ራኑ»፣ በማላጋሲም «ራኑ» ነው፤ ሰው በማአንያን «ኡሉን»፣ በማላጋሲ «ኡሉና» ነው። ይህ ማለት ግን የሁለቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች ቢገናኙ ይግባባሉ ማለት አይደለም። ከተለያዩ ከሺህ ዓመት በላይ ስለሆናቸው ነጠላ ቃላትን ከመለየት አልፈው ወሬ መቀጠል አይችሉም።

ቃላት በአጋጣሚ ወይም በመዋስ ሊመሳሰሉ አይችሉም? ዝምድናው በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ስለተመሳሰለ ሁለት ቋንቋዎች ዘመድ ናቸው አይባልም። ማስረጃው ድምፆች በሥርዓት መለዋወጣቸው ነው፤ ማለትም በአንዱ ቋንቋ «ክ» በሚሰማበት ቦታ በሌላው ሁልጊዜ «ህ» የሚሰማ ከሆነ፣ ያ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም።

በማላይና በማላጋሲ መካከል ይህን ማየት ቀላል ነው። የማላይ «ብ» በማላጋሲ «ቭ» ይሆናል፦ ድንጋይ «ባቱ» ነበር፣ «ቫቱ» ሆነ። «ፕ» «ፍ» ይሆናል፣ «ክ» ደግሞ «ህ» ይሆናል፦ ዛፍ ወይም እንጨት «ካዩ» ነበር፣ «ሃዙ» ሆነ፤ እዚህ ላይ «ይ»ም «ዝ» መሆኑን ልብ ይሏል። ማላጋሲ ቃሉን በተነባቢ መጨረስ ስለማይወድ መጨረሻው ላይ አናባቢ ይጨምራል፦ ጨረቃ «ቡላን»፣ በማላጋሲ «ቩላና»፤ ሰማይ «ላንጊት»፣ በማላጋሲ «ላኒትራ»፤ ፍርሃት «ታኩት»፣ በማላጋሲ «ታሁትራ»። «ሊ» የሚለው ድምፅ «ዲ»፣ «ቲ» ደግሞ «ትሲ» ይሆናል፦ አምስት «ሊማ»፣ በማላጋሲ «ዲሚ»፤ ነጭ «ፑቲህ»፣ በማላጋሲ «ፉትሲ»።

አሁን እነዚህን ሕጎች ይዘን አንድ ቃል እንፈትን። ቆዳ በማላይ «ኩሊት» ነው። «ክ»ን ወደ «ህ»፣ «ሊ»ን ወደ «ዲ»፣ የመጨረሻውን «ት» ወደ «ትራ» ብንለውጥ «ሁዲትራ» ይመጣል፤ ማላጋሲዎች ቆዳን የሚሉትም በትክክል «ሁዲትራ» ነው። «ኩሊት»ና «ሁዲትራ» በጆሮ ምንም አይመሳሰሉም፤ ግን አንድ ቃል ናቸው። እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚገኘው ከአንድ እናት በወረሱ ቋንቋዎች መካከል ብቻ ነው፣ ለዚህም ነው የቋንቋ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ክርክር የሌላቸው።

ይህን ዝምድና መጀመሪያ ያስተዋለው ማን ነው?

ደሴቲቱን ቀድመው ከጎበኙት አውሮፓውያን አንዳንዶቹ አስተውለውታል። ሆላንዳዊው ፍሬዴሪክ ደ ሃውትማን በማዳጋስካር በኩል አልፎ ሱማትራ ላይ በአቼ ታስሮ ማላይ ከተማረ በኋላ፣ በ1603 የማላይና የማላጋሲ ቃላትን አንድ ላይ በአምስተርዳም አሳተመ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደሴቲቱን የጎበኘው ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ሉዊስ ማሪያኖም ቋንቋው ማላይን እንደሚመስል ጽፏል።

ምንጩን ወደ ቦርኒዮ ያወረደው ግን በማዳጋስካር ሚስዮናዊ የነበረው ኖርዌያዊው ኦቶ ክርስቲያን ዳል ነው። በ1951 ማላጋሲን ከማአንያን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ የድምፅ ሕጎቹን አወጣ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሥራውን አረሙ፣ አሰፉ፤ መሠረቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ታዲያ መቼና እንዴት ነው ማዳጋስካር የደረሱት?

የቋንቋ፣ የአርኪዮሎጂና የዘረመል ማስረጃዎች በአንድነት የሚያመለክቱት የመጀመሪያውን ሺህ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ቋንቋው በማላይ በኩል የገቡ የሳንስክሪት ቃላት አሉት፤ ስለዚህ ተጓዦቹ የተነሡት የሕንድ ባህል ወደ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ከገባ በኋላ ነው። የሳንስክሪት ቃላቱ ግን ከማላይ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፤ ይህም ተጓዦቹ ብዙ ሳይቆዩ መውጣታቸውን ይጠቁማል። በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ በኮሞሮስና በማዳጋስካር ከተቆፈሩ ጥንታዊ መንደሮች የእስያ ሩዝና ማሾ ቅሪቶችን አግኝቷል፤ በዚያው ዘመን በአፍሪካ ጠረፍ ላይ የነበሩት መንደሮች በብዛት የሚመገቡት ማሽላና ዳጉሳን የመሳሰሉ የአፍሪካ እህሎችን ነበር። በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናትም ሰፋሪዎቹ በቁጥር ጥቂት እንደነበሩ፣ ከመሥራቾቹ መካከል ሴቶቹ 30 ያህል ብቻ እንደሆኑና ጊዜውም ከዛሬ 1,200 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገምቷል።

በምን መንገድ መጡ በሚለው ላይ ክርክሩ አላበቃም። ማአንያኖች ዛሬ ከባሕር ርቀው የሚኖሩ የወንዝ ዳር ሰዎች ናቸው፣ በመርከበኛነትም አይታወቁም። ስለዚህ ከባሪቶ የመጡት ሰዎች የተጓዙት በማላዮች መርከብ፣ በሱማትራ በነበረው በስሪቪጃያ መንግሥት ንግድ ውስጥ ሆነው ነው የሚለው መላምት ብዙ ደጋፊ አለው። መላምት መሆኑን ግን መርሳት አይገባም። ከጉዞው የቀረ አንድ ምልክት ዛሬም በምዕራቡ ጠረፍ ይታያል፦ የቬዙ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ በጎኑ ሚዛን የሚጠብቅ ተንሳፋፊ ግንድ የታሰረበት ነው፣ አሠራሩም የኢንዶኔዥያና የፓሲፊክ ደሴቶች ነው።

ከስዋሂሊ ጋርስ አይገናኝም?

ዘመድ አይደለም፤ ነገር ግን ከምሥራቅ አፍሪካ የባንቱ ቋንቋዎች ብዙ ወስዷል፣ የወሰደውም በዘፈቀደ አይደለም። የቤት እንስሳት ስም ከሞላ ጎደል ከባንቱ የመጣ ነው። ከብት በስዋሂሊ «ንጎምቤ»፣ በማላጋሲ «ኡምቢ»፤ ፍየል «ምቡዚ»፣ በማላጋሲ «ኡሲ»፤ ዶሮ «ኩኩ»፣ በማላጋሲ «አኩሁ»፤ ጅግራ «ካንጋ»፣ በማላጋሲ «አካንጋ»፤ አህያ «ፑንዳ»፣ በማላጋሲ «አምፑንድራ»። ውሻም በጠረፍ ዘዬዎች «አምቡዋ» ነው፣ ከስዋሂሊው «ምብዋ» ጋር አንድ ቃል ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ከቦርኒዮ የመጡት ሰዎች ሩዝ መዝራትን ይዘው መጡ፤ ከብት ማርባትን ግን ከአፍሪካውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲኖሩና ሲጋቡ ተማሩ። የማዳጋስካር ሰው ሀብቱን በከብት የሚቆጥር፣ ለለቅሶም ለሠርግም ከብት የሚያርድ ሕዝብ ነው፤ ያ ሁሉ በባንቱ ቃል ነው የሚነገረው።

የሳምንቱ ቀናት ስም ለምን የእኛን ይመስላል?

ከዓረብኛ ስለተወሰዱ ነው፣ ዓረብኛ ደግሞ የግዕዝ ዘመድ ነው። ሰኞ «አላትሲናይኒ»፣ ማክሰኞ «ታላታ»፣ ረቡዕ «አላሩቢያ»፣ ሐሙስ «አላካሚሲ»፣ ዓርብ «ዙማ»፣ ቅዳሜ «አሳቡትሲ»፣ እሑድ «አላሃዲ» ይባላሉ። ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ እሑድ የሚሉትን ለሚያውቅ ሰው «አል» የሚለውን፣ ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያሳየውን የዓረብኛ አመልካች ቃል ከፊት ካነሳ ቀሪው ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ አርብ ገበያ፣ ሰኞ ገበያ እንደሚባለው ሁሉ እዚያም ብዙ ቦታዎች በገበያ ቀናቸው ይጠራሉ፤ በዋና ከተማዋ በአንታናናሪቮ መሃል ይውል የነበረውና በ1997 እንዲበተን የተደረገው ግዙፍ ገበያ ስሙ «ዙማ»፣ ዓርብ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የወራቱ ነገር ነው። የጥንቱ የማላጋሲ የጨረቃ ወራት ስማቸውን ያገኙት ከአሥራ ሁለቱ የዓረብኛ የከዋክብት ስሞች ነው። በአውደ ነገሥት ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት የሚባሉት በማላጋሲ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል አላሃማዲ፣ አዳውሩ፣ አዲዛውዛ፣ አሱሩታኒ፣ አላሃሳቲ፣ አሱምቡላ፣ አዲሚዛና፣ አላካራቡ፣ አላካውሲ፣ አዲድዛዲ፣ አዳሉ፣ አሉሁትሲ ናቸው። ሁለቱ አገሮች አንዱ ከሌላው አልወሰዱም፤ ሁለቱም ከአንድ የዓረብኛ ዕውቀት ቀዱ። አጠቃቀሙም ይመሳሰላል፦ በማዳጋስካር ልጅ የተወለደበት ወር ዕጣውን ይወስናል ተብሎ ይታመናል፣ አላሃማዲ የነገሥታት ወር ነው፣ አላካውሲ ደግሞ ከባድ ዕጣ ያለበት ነው። አሥራ ሁለቱ በባህላዊው ቤት ማዕዘኖችና ግድግዳዎች ዙሪያ ቦታ ቦታቸው የተመደበ ሲሆን፣ አላሃማዲ የተከበረው የሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ላይ ይቀመጣል።

የሚጻፈው በምን ፊደል ነው?

ዛሬ በላቲን ፊደል ነው። ከዚያ በፊት ግን «ሱራቤ»፣ ማለትም ታላቁ ጽሕፈት፣ የሚባል የዓረብኛ ፊደል ነበር። በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የሚኖሩት የአንታይሙሩ ሕዝብ ጸሐፊዎች «ካቲቡ» ይባላሉ፤ አቩሃ ከሚባል ዛፍ ልጥ በሚሠሩት ወረቀት ላይ የዘር ሐረግ፣ የኮከብ ቆጠራ፣ የመድኃኒትና የጸሎት መጻሕፍት ይጽፉ ነበር። በአንታናናሪቮ ዙሪያ በደጋው የነበረው የኢሜሪና መንግሥት ንጉሥ አንድሪያናምፑይኒሜሪና እነዚህን ጸሐፊዎች ወደ ቤተ መንግሥቱ አስመጣ፣ ልጁ ቀዳማዊ ራዳማም መጀመሪያ የተማረው ይህንኑ ጽሕፈት ነው።

የላቲኑ ፊደል የመጣው ከለንደን የሚስዮን ማኅበር የተላኩ ዌልሳውያን ባመጡት ትምህርት ቤት ነው። ዴቪድ ጆንስ በ1818 ቱዋማሲና ላይ ወረደ፣ ባልደረባውንና ቤተሰቡን በወባ ካጣ በኋላ በ1820 ወደ ደጋው ወጣ። ራዳማ መጋቢት 26 ቀን 1823 የአጻጻፉን ሥርዓት ወሰነ፦ ተነባቢዎቹ እንደ እንግሊዝኛ፣ አናባቢዎቹ እንደ ፈረንሳይኛ ይሁኑ አለ። አዲስ ኪዳን በ1830፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1835 እዚያው አንታናናሪቮ ታተመ። በዚያው ዓመት ንግሥት ቀዳማዊት ራናቫሉና ክርስትናን ከለከለች፤ መጽሐፉ ግን በድብቅ ሲነበብ ኖሮ የጽሑፍ ቋንቋውን ቀረጸ።

በላቲን የተጻፈውን እንዴት ላንብበው?

ፊደሎቹ 21 ብቻ ናቸው፤ ከእንግሊዝኛው ፊደል አምስቱ የሉም። ትልቁ ስህተት ክቡን አናባቢ «ኦ» ብሎ ማንበብ ነው፤ ሁልጊዜ «ኡ» ነው። «አ»ና «ኡ» ተከታትለው ሲመጡ ግን በፈጣን ንግግር «ኦ» ወደሚለው ይጠጋሉ፤ «ሚሳውትራ» (አመሰግናለሁ) የሚለው «ሚሶትር» ተብሎ ይሰማል። በዚሁ ቃል እንደሚታየው የመጨረሻው አናባቢ ይዋጣል፤ አዲስ ሰሚን ግራ የሚያጋባውም የተጻፈው ረጅም፣ የሚሰማው አጭር መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ «ጄ» የሚባለው ፊደል «ድዝ» ተብሎ ይነበባል። «ትር»ና «ድር» ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ የሚነገሩ አንድ አንድ ድምፆች ናቸው፣ «ስ» ትንሽ ወደ «ሽ» ያዘነብላል፣ «ህ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ድምፅ የሚጠነክርበትን ቦታ መሳት ትርጉም ይለውጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍለ ቃል ይጠነክራል፤ በ«ካ»፣ በ«ትራ» ወይም በ«ና» በሚያልቁ ቃላት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ታናና» ሲባል የመጀመሪያው «ታ» ከጠነከረ እጅ ነው፣ መሃሉ ከጠነከረ ከተማ ነው። የአንታናናሪቮ ስም የመጣው ከሁለተኛው ነው፦ የሺዎች ከተማ ማለት ነው።

ሰላምታ እንዴት ልስጥ?

በዋና ከተማውና በደጋው «ማናው አሁዋና» ይባላል፤ ለትልቅ ሰው ወይም ለማያውቁት ሰው «ቱምፑኩ» ይጨመርበታል፣ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። በሰሜን «ምቦላ ትሳራ»፣ በደቡብ «አኩሪ አቢ» ይሰማል፣ «ሳላማ» ደግሞ በየትኛውም ቦታ ያስኬዳል። ቀጥሎ «ኢኑና ኒ ቫውቫው?»፣ ምን ወሬ አለ፣ ትባላለህ። መልሱ «ትሲ ሚሲ»፣ ምንም የለም ነው፤ ችግር ቢኖርም መጀመሪያ የሚባለው ይህ ነው፣ ወሬው ከዚያ በኋላ ይወጣል።

«አዛፋዲ» ይቅርታም፣ እባክዎም ነው፤ በሰው መካከል ሲያልፉም ጎንበስ ብለው፣ ቀኝ እጅን ወደ ፊት ዘርግተው ይሉታል። ስንብት «ቬሉማ» ነው፣ በሕይወት ሁን እንደማለት ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ለምን የተገለበጠ ይመስላል?

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ያደርጋል፤ ማላጋሲ መጀመሪያ ያደርገዋል፣ ባለቤቱን ደግሞ መጨረሻ። ልጁ ሩዝ ይበላል ለማለት «ሚሂናና ቫሪ ኒ ዛዛ» ይባላል፦ ይበላል፣ ሩዝ፣ ልጁ። ጊዜው የሚታወቀው በግሱ የመጀመሪያ ድምፅ ነው፦ «ሚሂናና» ይበላል፣ «ኒሂናና» በላ፣ «ሂሂናና» ሊበላ ነው። ግሱ በሰው፣ በጾታ ወይም በቁጥር አይለወጥም፤ በላሁ፣ በላች፣ በሉ የሚባል እርባታ የለም። ባለቤቱ የታወቀ ሰው ወይም ነገር መሆን አለበት፣ ስለዚህ «ኒ» የሚለውን መዝለል የተለመደ የጀማሪ ስህተት ነው።

ዋናው ፈተና ሌላ ነው። ማላጋሲ የትኛውንም የዓረፍተ ነገሩን ክፍል ባለቤት ማድረግ ይችላል፣ ግሱም አብሮ ይለወጣል። «ማናሳ ላምባ አሚኒ ሳቩኒ ኒ ቬሂቫቪ» ሴቲቱ በሳሙና ልብስ ታጥባለች ነው። ልብሱን ባለቤት ካደረግን «ሳሳኒ ቬሂቫቪ አሚኒ ሳቩኒ ኒ ላምባ» ይሆናል። ሳሙናውን ባለቤት ካደረግን ደግሞ «አናሳኒ ቬሂቫቪ ላምባ ኒ ሳቩኒ»፣ ሴቲቱ ልብስ የምታጥብበት ሳሙናው ነው እንደማለት ነው። ይህ ለጌጥ አይደለም። «በምን ታጥባለች?» ብሎ ለመጠየቅ ሦስተኛው ቅርጽ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄ የሚነሳው ባለቤት በሆነው ነገር ላይ ነው። ትእዛዝም ቢሆን በሁለተኛው ቅርጽ ሲሰጥ ይለሰልሳል፦ «ሳሳው ኒ ላምባ»፣ ልብሱ ይታጠብ። የመጀመሪያውን ቅርጽ ብቻ ይዞ የሚናገር እንግዳ ይሰማለታል፣ ግን ጠንከር ያለ ሰው ይመስላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ምኑ ይቀላል፣ ምኑ ይከብዳል?

ጾታ አለመኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው፦ «ኢዚ» እሱም እሷም ነው፣ «ኢያናው» አንተም አንቺም እርስዎም ነው። የሚከብደው «እኛ» ነው። «ኢሲካ» የሚያናግሩትን ሰው ይጨምራል፣ «ኢዛሃይ» ይተወዋል። እራት ልንበላ ነው ሲሉ «ኢሲካ» ካሉ ጋብዘውታል፣ «ኢዛሃይ» ካሉ ደግሞ አልጋበዙትም።

የቦታ ቃላትም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «እዚህ»ና «እዚያ» በርቀት ብቻ ሳይሆን በመታየትና ባለመታየት ይለያሉ፦ በ«ኤ» የሚጀምሩት ለሚታይ፣ በ«አ» የሚጀምሩት ለማይታይ ቦታ ናቸው። ኮረብታው ላይ ላለው ቤት «ኤኒ»፣ ከኮረብታው ጀርባ ላለው «አኒ» ይባላል። ቃሉ ጊዜም ይይዛል፦ «አኒ ኢትዩፒያ ኢዚ» ኢትዮጵያ ነው ያለው፣ «ታኒ ኢትዩፒያ ኢዚ» ኢትዮጵያ ነበረ። «ነበረ» የሚል ግስ የለም፤ ያቺ «ት» ናት ሥራውን የምትሠራው።

ዋጋ ሲነገረኝ ለምን እሳሳታለሁ?

ማላጋሲ ቁጥርን ከትንሹ ይጀምራል። 12 «ሩዋ አምቢኒ ፉሉ» ነው፣ ከአሥር በላይ ሁለት፤ 1960 ደግሞ «ኤኒምፑሉ ሲ ሲቪንድዛቱ ሲ አሪቩ»፣ ስልሳ እና ዘጠኝ መቶ እና ሺህ። ገበያ ላይ «ዲማንድዛቱ ሲ ሩዋ አሪቩ» ሲባሉ ቃል በቃል አምስት መቶ እና ሁለት ሺህ ነው፤ ጆሮ 502,000 ብሎ ይደነግጣል፣ ሻጯ ያለችው ግን 2,500 አሪያሪ ነው። 502,000 ቢሆን ኖሮ «ሩዋ አሪቩ ሲ ዲሚ ሄትሲ» ትል ነበር። ለ10,000 የራሱ ቃል «አሊና» አለ፣ እንደ እኛ እልፍ፤ ለ100,000 «ሄትሲ»፣ ለሚሊዮን «ታፒትሪሳ» ይባላል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ገንዘቡ ከ2005 ጀምሮ አሪያሪ ቢሆንም በአሮጌው ፍራንክ ዋጋ የሚጠሩ ሰዎች አሁንም ያጋጥማሉ። አንድ አሪያሪ አምስት ፍራንክ ነው፤ ዋጋው አምስት እጥፍ ከመሰለዎት አሪያሪ ወይስ ፍራንክ ብለው ይጠይቁ።

መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃሉን ለምን አጣሁት?

የቆዩት መዝገበ ቃላት የተደረደሩት በሥርወ ቃል ስለሆነ ነው፤ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የከፈተ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። «አናትራ» ምክር፣ ትምህርት ነው። ከእሱ «ሚያናትራ» ይማራል፣ «ምፒያናትራ» ተማሪ፣ «ማምፒያናትራ» ያስተምራል፣ «ምፓምፒያናትራ» አስተማሪ፣ «ፊያናራና» ጥናት፣ «ፋምፒያናራና» ማስተማር ይወጣሉ። «ፋምፒያናራና»ን የሚፈልግ ሰው ከፊት «ፋምፒ»ን፣ ከኋላ «አና»ን ገፎ «አናትራ» ሥር መሄድ አለበት። የሥሩ መጨረሻ «ትራ» ቅጥያ ሲመጣበት ወደ «ር» መለወጡንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሥር የሌላቸው የሚመስሉ ቃላት ብዙውን ጊዜ ውሶች ናቸው። የትምህርት ቤት ቃላት ከእንግሊዝኛ ናቸው፦ «ቡኪ» መጽሐፍ፣ «ሴኩሊ» ትምህርት ቤት። የወጥ ቤቱና የመሥሪያ ቤቱ ከፈረንሳይኛ ናቸው፣ የፈረንሳይኛው አመልካች ቃልም አብሮ ተጣብቆ ገብቷል፦ «ላታባትራ» ጠረጴዛ፣ «ዲቤራ» ቅቤ፣ «ሉፒታሊ» ሆስፒታል።

ዘዬዎቹ ምን ያህል ይለያያሉ?

የጽሑፍ ቋንቋው መሠረት በአንታናናሪቮ ዙሪያ የሚነገረው የሜሪና ዘዬ ነው። ከዚያ ውጭ ቤትሲሌው፣ ቤትሲሚሳራካ፣ ሳካላቫ፣ ትሲሚሄቲ፣ ባራ፣ አንታንድሩይና ሌሎችም አሉ። ሥሩ አንድ ነው፣ ግን ከደጋው የወረደ ሰው በደቡብ ጫፍ አንታንድሩዮች መካከል ሲቀመጥ መጀመሪያ ላይ ብዙ ያመልጠዋል።

ደቡቡ የሚያስደስት ነገር ጠብቆልናል። ሜሪናዎች «ሁዲትራ»፣ «ፉትሲ»፣ «ዲሚ» የሚሉትን አንታንድሩዮች «ሁሊትሴ»፣ «ፉቲ»፣ «ሊሜ» ይላሉ። ከላይ ካየናቸው የማላይ «ኩሊት»፣ «ፑቲህ»፣ «ሊማ» ጋር ያስተያዩዋቸው፤ «ሊ»ና «ቲ» ሳይለወጡ ቆይተዋል። የዋና ከተማው ዘዬ ጥንታዊና ንጹሕ፣ የዳሩ የተበላሸ ነው የሚለው ወሬ በዚህ ብቻ ይወድቃል።

መንግሥት የሚሠራው በማላጋሲ ነው ወይስ በፈረንሳይኛ?

በሁለቱም። የ2010 ሕገ መንግሥት ማላጋሲን ብሔራዊ ቋንቋ፣ ማላጋሲንና ፈረንሳይኛን የሥራ ቋንቋ ያደርጋል፤ እንግሊዝኛ በ2007 ተጨምሮ በ2010 ወጥቷል። ፈረንሳይ በ1896 ደሴቲቱን ቅኝ ግዛት ካደረገች በኋላ፣ ነፃነት በ1960 ቢመጣም ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ቀረ። በ1972 ተማሪዎች የጀመሩት ተቃውሞ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ከሥልጣን አወረደ፣ ከጥያቄዎቻቸውም አንዱ ይህ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ትምህርቱ ወደ ማላጋሲ ተዛወረ፤ ነገር ግን መጻሕፍትና የሠለጠኑ መምህራን ሳይዘጋጁ ስለነበር፣ ሀብታሞቹ ልጆቻቸውን በግል ፈረንሳይኛ አስተማሩ፣ ድሃው ተጎዳ። በ1990ዎቹ ፈረንሳይኛ ተመለሰ። ጥፋቱ የዝግጅቱ እንጂ የቋንቋው አልነበረም፤ በዚህ ቋንቋ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መጽሐፍ ሲታተም ኖሯል። «ካባሪ» የሚባለው የንግግር ጥበቡም በ2021 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሰሜንን የሚሉበት ቃል በማላይ ምዕራብ የሆነው ለምንድን ነው?

«አቫራትራ» ሰሜን ነው፤ ድምፁን ብንከተል ከማላይ «ባራት»፣ ምዕራብ፣ ጋር አንድ ነው። «አትሲሙ» ደቡብ ነው፤ እሱም ከ«ቲሙር»፣ ምሥራቅ፣ ጋር አንድ ነው። አቅጣጫው ሩብ ዙር ዞሯል ማለት ነው፣ ይህም መርከበኞቹ መንገድ ስለጠፋባቸው አይደለም።

ቃላቱ በመሠረታቸው የነፋስ ስሞች ናቸው። በኢንዶኔዥያ ደሴቶች «ባራት» ማዕበልና ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ ነው፣ የሚነፍሰውም ከምዕራብ ነው፤ «ቲሙር» ደረቁ ነፋስ ነው፣ ከምሥራቅ። ማዳጋስካር ላይ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ ሌላውን ጊዜ የሚነፍሰው ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ሰዎቹ ስሙን ለነፋሱ እንደያዙ ቆዩ፣ ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ግን በአዲሱ አገር ሌላ ነበር። ለምዕራብና ለምሥራቅ «አንድሬፋና»ና «አትሲናናና» የሚሉ ሌሎች ቃላት ያዙ። በማላጋሲ «ቫራትራ» ዛሬም መብረቅ ማለት ነው።